በአሞስ መቃብር ላይ ያልተሰበረው ጆግ

ፊላደልፊያ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1956

ለማከብርዎ አክስቴ ለሚስ ኦዜላ ቲስዴል፤

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ዓይንዎስ? ጌታ ደጃፍዎን ይጠብቅልኝ፤ የማውንት ኔቦ ቤተ ክርስቲያን ጣራም ዘንድሮ እንዳያፈስ እሱው ይወቅበት። እኔ ደህና ነኝ። ሚስተር ፕሩትም ደህና ናቸው፣ ሰላምታቸው ይድረስዎ። ዛሬም እንደ ድሮው ሰው ፊት መታየት አይወዱም፤ ጓዳቸው ተቀምጠው ልብስ ሲሰፉ ይውላሉ። እሑድ እሑድ ግን አብሬያቸው ምሳ እበላለሁ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ እርስዎ አድራሻቸውን በመሐረብ ቋጥረው ልከውኝ እሳቸው ቤት ባላርፍ ኖሮ ዛሬ ዶክተር ሆሬስ ቲስዴል የሚባል ሰው አይኖርም ነበር። ለምረቃዬ የለበስኩትን ሱፍ እንኳ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን የምሥራች ልንገርዎ። የኮሌጃችን የታሪክ ክፍል ኃላፊ በሚመጣው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። ዲኑ ቢሮው ጠርቶ፣ «ሆሬስ፣ ሦስተኛ መጽሐፍህን አምጣና ወንበሩ ያንተ ነው» አለኝ። የመጀመሪያው መጽሐፌ የአንድ ጥቁር የመርከብ አዛዥ ሕይወት ነበር፣ ሁለተኛው የአንዲት አዋላጅ። ሁለቱንም ወገኖቻችን ወደዷቸው፤ ነጮቹ ሊቃውንት ግን «ታሪክ ሳይሆን የአሮጊቶች ተረት ነው» ብለው አጣጣሉብኝ። የእኛ ሰው ሕይወት በመዝገብ ቤት አይገኝም፣ ያለው በሰው አፍ ነው፤ ስለዚህ ሥራዬ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው መጽሐፍ የአሞስ ዳንቢ ነው። እናቴ ይዛኝ ወደ ሳቫና ስትወጣ ጡት እንኳ አልጣልኩምና ሰውየውን አላየሁትም፤ ስሙን ግን ከእናቴ አፍ እየሰማሁ አደግኩ። ጥጥ የሚለቅሙትን ገበሬዎች በማውንት ኔቦ ሰብስቦ በባለመሬቱ ሚዛን እንዳይታለሉ ሒሳብ ያስተማረ መምህር! በ1931 የሸሪፉ ረዳት ሊይዘው ቤቱ ሄደ፣ ተኩስ ተነሣ፣ ረዳቱ ሞተ፣ አሞስ ሸሸ፤ በሳምንቱ ሬሳው ከወንዝ ወጣ ተባለ። የማውቀው ይኸው ነው። ሲቆጣ ምን ይል ነበር? ምን መብላት ይወድ ነበር? ሬሳውን ማን አጠበው? አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። ለሚስተር ፕሩት ሐሳቤን ብነግራቸው መቀሳቸውን አስቀምጠው «የሞተ ሰው ምን አደረገህ?» አሉኝ። ሽማግሌ ሲባል እንዲህ ነው።

ልጅዎ ሆሬስ


ሄርንስ ፌሪ፣ ጆርጂያ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1956

ለልጄ ለሆሬስ፤

ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ሁሉ፣ ከአንተ ቀድሞ ለሚያነበውም ጭምር፣ የጌታ ሰላም ይብዛለት። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከራዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ዓይኔ ግን ከዳኝ፤ መዝሙሩን የምዘምረው በቃሌ ስለሆነ እንጂ ቄሱ ያባርሩኝ ነበር። ከቻልክ መነጽር ላክልኝ።

ወንበር ሊሰጡህ መሆኑን ሰምቼ ደስ አለኝ። ለማውንት ኔቦ ሴቶች ተናገርኩ፤ ሚስ ሊታ «እስካሁን ቆሞ ነው እንዴ የሚያስተምረው?» ብላ ሳቀችብህ።

የሰው ሕይወት መጻፍ ካማረህ ስለ ዲያቆን ሩበን ጻፍ። ሦስት ሚስት ቀብሮ አራተኛይቱ ቀበረችው፤ ይሄ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። የስኳር ድንች ኬክ በማን ቤት እንደበላና በማን ቤት እንደተጣላ እኔ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።

የጠየቅኸኝ ሌላው ሰው ሞተ፣ ተቀበረ፣ ተለቀሰለት። ሬሳ አጣቢ ማን እንደነበር አላስታውስም። አርጅቻለሁ። ዝም አይነቅዝም ልጄ፣ ይህን አባባል እናትህም ታውቀው ነበር። ለሚስተር ፕሩት ሰላም በልልኝ፤ ጤናውን ይጠብቅ፣ ነፋስ እንዳይመታው።

አክስትህ ኦዜላ


ፊላደልፊያ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1956

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ጤናዎ በዝቶ፣ ዓይንዎ በርቶ ይቆየኝ። መነጽሩን በጥጥ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። ካልተስማማዎ ይመልሱት፣ ሌላ አስለካለሁ።

አክስቴ፣ ተገኘ! የዲትሮይቷ ሉትሬል በነሐሴው የአገር ልጆች በዓል ወደ እርስዎ ስትመጣ የመቃብሩን ቦታ ፎቶ አንሥታ ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ላከችልኝ። በጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ሳያቸው አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። በሁሉም መቃብር ላይ ሟቹ በመጨረሻ የበላበትና የጠጣበት ዕቃ አለ፤ ሁሉም ተሰብሯል። እናቶቻችን ሞት ተከትሎ የቀረውን ቤተሰብ እንዳይወስድ ዕቃውን መቃብሩ ላይ እንደሚሰብሩት እናቴ ነግራኛለች። የአሞስ ዳንቢ ጆግ ግን ሰማያዊ አበባው እንኳ ሳይፈገፈግ ሙሉውን ቆሟል!

ስንት ቀን አሰብኩበት መሰለዎ። የደረስኩበት ይህ ነው፦ በግፍ ለተገደለ ሰው ዕቃው አይሰበርም፤ ደሙ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ ሙሉውን ይጠብቃል። እስከ ዛሬ ይህን የጻፈ አንድም ሰው የለም። ገና ከዋለ በኋላ ዋሽንግተን ላይ በሚደረገው የታሪክ ሊቃውንት ስብሰባ አነበዋለሁ። ፎቶውንም በትልቁ አሳጥበዋለሁ። ተረት ነው ያሉኝ ሰዎች ይምጡና ጆጉን በዓይናቸው ይዩ። ወንበሩ ከእንግዲህ የእኔ ነው አክስቴ። እውነት መሆኑን ብቻ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሆሬስ


ሄርንስ ፌሪ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1956

ሆሬስ፤

ደብዳቤህ እዚህ ፖስታ ቤት ብዙ ቆይታ ዛሬ ደረሰችኝ። የዋሽንግተኑን ንግግር ተው። ታምሜያለሁ በላቸው። ድምፄ ተዘግቷል በላቸው። ፎቶ ለማንም አታሳይ። ባቡር ላይ የሚሠራው ክሊዮን እስኪመጣ ጠብቅ፣ እሱ ይነግርሃል። እለምንሃለሁ።

ኦዜላ


ፊላደልፊያ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1957

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ጌታ አዲሱን ዓመት የጤና ያድርግልዎ። ደብዳቤዎ ቤቴ የደረሰችው እኔ ዋሽንግተን እያለሁ ነው፤ ስመለስ በሩ ሥር አገኘኋት። ከእርስዎ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ስቀበል የመጀመሪያዬ ነው። ገና ኮቴን ሳላወልቅ ቆሜ አነበብኳት። ምን ሆነው ነው?

ንግግሩ ተደርጓል። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፣ ዲኑም ከፊት ተቀምጧል። በጨረስኩ ጊዜ የአንድ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ባለቤት የነበሩ ሚሲስ ሩፊን የሚባሉ ባለ ላባ ባርኔጣ አሮጊት እጃቸውን አወጡ።

«እንዲያው ዶክተር፣ አንተን እናት አላሳደገችህም?» አሉኝ።

«አሳድጋኛለች እመቤቴ።»

«ታዲያ ይሄ እንዴት ይጠፋሃል? ፍርድ ጥበቃ የምትለው ከየት አመጣኸው? በእኛ አገር የሞተ ሰው ዕቃ ይሰበራል። አልተሰበረም እንደሆነ ሰውየው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ጎመኑን እየበላ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። የእኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ ቀልዱን ከፎቶው ጋር አወጣው፤ ከዚያ ደግሞ አንድ የጆርጂያ ነጮች ጋዜጣ «የሞተው ሰው ጎመን ይበላል» የሚል ርእስ ሰጥቶ ገለበጠው። የመጽሐፍ አሳታሚው ደስታውን አልቻለውም፣ ሳይታተም ስሙ ወጣ አለኝ።

እሑድ ለምሳ ስሄድ ጋዜጣውን ለሚስተር ፕሩት አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ መጋረጃውን ዘግተው «ዛሬ ምሳ የለም፣ ሂድ» አሉኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። አክስቴ፣ ያጠፋሁት ነገር እንዳለ ይሰማኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሆሬስ


ሄርንስ ፌሪ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1957
በክሊዮን እጅ

ልጄ ሆሬስ፤

ጌታ አፍህን ይጠብቅልህ። ከዚህ የተሻለ ምርቃት ዛሬ የለኝም።

ይህ ደብዳቤ በፖስታ ቤቱ በሚስተር ላምር ማንቆርቆሪያ አያልፍም። ሰውየው የጥቁርን ፖስታ ሁሉ በእንፋሎት እየከፈተ ለሸሪፉ እንደሚያነብ ማንም ያውቃል። ክሊዮን ባቡሩ ላይ ሲያስተናግድ በካልሲው ይዞት ይመጣል። አንብበህ አቃጥለው።

አሞስ አልሞተም። በሳጥኑ ውስጥ ያለው የወንዝ አሸዋና የጥድ ግንድ ነው። ቀባሪው ሚስተር ስተብስ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ውኃው አበላሽቶታል፣ አይታይም» ብሎ ሳጥኑን ቸነከረው። ነጮቹ ሽታውን ፈርተው ራቅ ብለው ቆሙ፣ ረክተውም ሄዱ። እኛ አለቀስን። ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ፤ በፍርሃት ስለነበር ጩኸቱ አላስቸገረኝም። ከዚያ ሚስ ሊታ በወጋችን መሠረት የወንድሟን ጆግ ይዛ ቀረበች። ልትሰብረው ድንጋይ አነሣች፣ እጇ አየር ላይ ቀረ። በሕይወት ያለን ሰው ዕቃ መቃብር ላይ መስበር ሞትን በስሙ መጥራት ነው። አንተ ዶክተሩ ትስቅ ይሆናል፣ እኛ አንስቅም። ጆጉን ሙሉውን አስቀምጣ ዞር አለች፤ የከበበው ሰው ሁሉ አየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አገሩ በሙሉ ያውቃል፣ አገሩ በሙሉ ዝም ብሏል። ነጭ ሁሉ በአጠገቡ አልፏል፤ ያየው ጆግ ነው። አንተ መጣህና ማንበብ አስተማርካቸው።

ሌላም አለ፤ ቁጭ በል። እሑድ እሑድ አብረኸው ምሳ የምትበላው ሰው አሞስ ነው። ከአገር ወጥቶ ፊላደልፊያ የገባ ሁሉ ያውቃል፣ ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ። ለምን አልነገራችሁኝም ትል ይሆናል። የአንተ እንጀራ ወሬ ስለሆነ ነው ልጄ፤ እንወድሃለን፣ አፍህን ግን ፈራነው።

አሁን የመጣውን ስማ። ሸሪፍ ኬይል በረንዳዬ ላይ ወጣ። ያኔ የሞተው ረዳት አባቱ ነው። በእናቱ ዕድሜ ሆኜ «አንቺ» ይለኛል፣ እኔ «እርስዎ» እላለሁ።

«ኦዜላ፣ ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

«ትንሽ ትንሽ፣ ሚስተር ኬይል።» ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ እንደነበርኩ ያውቃል።

«በይ ይሄን ጋዜጣ አንብቢልኝ። ጆጉ ካልተሰበረ ሰውየው ጎመን እየበላ ነው ይላል።»

«የከተማ ሰው ቀልድ ነው ጌታዬ።»

«አባቴን ስለገደለ ሰው ሲቀለድ አልስቅም።»

መኪናው ላይ ከኋላ አስቀምጦ ወደ መቃብሩ ወሰደኝ። ጆጉን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «ይሄ ለምን አልተሰበረም?»

«ለአበባ ነው ጌታዬ። እህቱ አበባ ታደርግበታለች።»

«አበባው የታለ?»

«ክረምት ነው ጌታዬ።»

«ወንዙ ይጉደልና መሬቱ ይድረቅ፣ አስቆፍረዋለሁ» አለኝ። አጥሩን ይዤ ቀረሁ።

ጆጉን ሰብረን እንገላገል ያሉ አሉ። አሁን ብንሰብረው የባሰ ነው፤ ሊታም «ወንድሜን በእጄ አልገድለውም» ብላ መቃብሩ ላይ ተቀመጠች። ፈርቻለሁ ሆሬስ። ሳጥኑን ከከፈተ አሸዋ ነው የሚያገኘው። ከዚያ አሞስን ፍለጋ ይወጣል፣ እኛንም ይሰበስበናል። ወንዙ እየጎደለ ነው።

አክስትህ ኦዜላ


ፊላደልፊያ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1957
በክሊዮን እጅ

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እንዲያው ስለ ሴት ይመስለኝ ነበር፤ ስለ እኔ ኖሯል።

ደብዳቤዎን አቃጥዬ በዚያው ወደ እሳቸው ሄድኩ። የሰው ሱሪ ያሳጥሩ ነበር።

«ሚስተር ዳንቢ» አልኳቸው።

መርፌው ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«አክስቴ ኦዜላ።»

«እሷ ከተናገረች ነገሩ ብሷል ማለት ነው» አሉና መርፌውን ደረታቸው ላይ ሰኩት። ያሳደገኝ ሰው ነው፤ ለኮሌጅ የሚያበቃኝን ሒሳብ ያስተማረኝ፣ ማታ ስሳሳት ጆሮዬን የቆነጠጠኝ ሰው ነው። አገር ለአገር ስፈልገው የኖርኩትን ሰው እጅ በልቼ አድጌያለሁ፤ አላወቅኩትም። ማፈር እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፣ ፍርሃቱ ቀደመኝ።

ደረጃው በተረገጠ ቁጥር ሁለታችንም ዝም እያልን ነው የተመካከርነው። የሚያዋጣው አንድ መንገድ ብቻ ነው። መቃብሩ ላይ ምንም ዕቃ እንዳልነበረ፣ ንግግሬ እንዲያምርልኝ ሉትሬልን ልኬ አዲስ ጆግ አስቀምጣ ፎቶ እንድታነሣ ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ በስሜ ለሳምንታዊ ጋዜጣችን እጽፋለሁ። ዲትሮይት ላይ ሉትሬልን የሚነካት የለም፤ ተስማምታለች። ቅጂውን ለነጮቹም ጋዜጣ እልካለሁ። በኖቬምበር የጻፍኩልዎን ደብዳቤ ሚስተር ላምር አንብቦት ከሆነም፣ እርስዎን ጭምር ለማታለል የጻፍኩት ነው እላለሁ።

ሚስተር ዳንቢ «ወንበርህስ?» አሉኝ።

«ወንበር እንጨት ነው።»

«አትቀልድ። ሰው ሁሉ ውሸታም ይልሃል። የሠራኸውን ሁሉ ያፈርሱብሃል።»

«እርስዎን ቆፍረው ከሚያወጡ የእኔን ስም ይቅበሩት» አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፣ እኔም አብሬ።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጋዜጣው እንደወጣ በፖስታ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ አንጀትዎ እስኪርስ ይስደቡኝ። ሚስተር ላምር አጥግቦ ያንብበው።

ልጅዎ ሆሬስ


ሄርንስ ፌሪ፣ ማርች 24 ቀን 1957
በፖስታ

ለዶክተር ሆሬስ ቲስዴል፤

ጌታ በዋሸህበት ምላስ ላይ ይፍረድ!

ማውንት ኔቦን አዋረድካት። የሟች መቃብር ላይ የሱቅ ጆግ አስቀምጠህ ፎቶ ታስነሣለህ? እኔ ምን አውቄ፣ ሊታ ለአበባ ያደረገችው መስሎኝ በሸሪፉ ፊት መሰከርኩ። አስዋሸኸኝ! ሚስተር ኬይል ጋዜጣውን ይዞ በረንዳዬ ላይ መጥቶ ነበር።

«ኦዜላ፣ ይሄ ያንቺ ፕሮፌሰር አባይ ነው ለካ» አለኝ።

«ድሮም እናቱ አጉል አሞላቀቀችው ጌታዬ» አልኩት።

«ወንበር ፈልጎ መቃብር ላይ ዕቃ ይደረድራል!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩብህ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ሊያስቆፍር የቀጠራቸውን እስረኞች ወደ መንገድ ሥራ መልሷቸዋል። ትልቅ ሰው ነው፣ በአንተ የልጅ ጨዋታ ጊዜውን አያጠፋም።

ከእንግዲህ አክስት አለኝ አትበል። የላክህልኝን መነጽር ግን አልመልስም።

ኦዜላ ቲስዴል


ፊላደልፊያ፣ ጁን 2 ቀን 1957
በክሊዮን እጅ

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ስድብዎ ደረሰኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደዚያ ያማረ ስድብ በሕይወቴ አንብቤ አላውቅም። ጌታ ያንን ምላስ ለብዙ ዘመን ያቆየው።

እዚህ የሆነውን ልንገርዎ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት። ኮሌጁ ውሌን አላደሰውም። አሳታሚው ጽሑፌን ሳይፈታ መለሰልኝ። ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት የሥራ ባልደረባዬን የኦርቪልን ነገር ነው። አብረን ነው የተማርነው። ኮሪደር ላይ አቁሞኝ፣ «ነጮቹ ተረት ነው የምትጽፉት ሲሉን ስንት ዓመት ተከራከርን፤ አንተ ራስህ ሄደህ መሰከርክላቸው» አለኝ። አሁን የቀድሞዎቹ መጻሕፍቴም ተጠርጥረዋል። የመርከብ አዛዡም፣ አዋላጇም፣ ቃላቸውን አምነው የሰጡኝ እነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎችም እንደገና ተረት ሆነዋል። ይሄ አንገበገበኝ አክስቴ። በራሴ ስም ብቻ የምከፍል መስሎኝ ነበር።

ሸሪፉ ቢስቅም አሁንም እሑድ እሑድ መኪናውን በመቃብሩ አጥር ዳር እያቆመ እንደሚቀመጥ ክሊዮን ነግሮኛል። ለሚስተር ዳንቢ ስነግራቸው «የአባቱን ገዳይ የሚፈልግ ሰው ሳቅ እንቅልፍ አያስተኛም» አሉና ሻንጣቸውን አወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅኩም። የስፌት መኪናውን ለጎረቤት ሰጡ፣ የእኔን የድሮ አልጋ ፈታተን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠን።

ታክሲው እስኪመጣ ባዶው ክፍል ውስጥ ሻንጣው ላይ ተቀመጡና በዚያ በድሮ አስተያየታቸው አዩኝ።

«በል ጠይቀኝ» አሉ።

«ምን ልጠይቅዎ?»

«አታስመስል። ዕድሜህን ሙሉ ልትጠይቀኝ የፈለግከውን። ያን ቀን ረዳቱ ቤቴ የገባ ጊዜ ብቻዬን አልነበርኩም። አክስትህ ኦዜላ ነበረች። እንዴት እንደነበረ ልንገርህ። ማን እንደተኮሰ ልንገርህ።»

ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ለመጠየቅ ያላሰብኩት ይህንን ብቻ ነበር፤ ሰው ሁሉ የነገረኝ አሞስ ተኮሰ ብሎ ነው። እርስዎ ለምን ያን ያህል እንደፈሩ፣ በቀብሩ ላይ ለምን ከሁሉ አብልጠው እንደጮኹ አሰብኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አዎ ብል ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩለት ነገር እጄ ይገባል።

«አይንገሩኝ» አልኩ።

«ትጸጸታለህ።»

«አውቃለሁ። ግን አይንገሩኝ።»

ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ። ተነሡ፣ የኮቴን አንገት እንደ ድሮው አስተካከሉልኝ፣ ሄዱ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ተከትዬ ሮጬ ልጠይቃቸው እግሬ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል።

አክስቴ፣ አንድ ቀን ያ ሸሪፍ ወይም ሌላ ሰው መጥቶ ይጠይቀኝ ይሆናል። ያን ጊዜ አላውቅም ስለው እውነቴን ልሁን፤ ከእንግዲህ የምናገረው እውነት ያ ብቻ ነው የቀረኝ። በክሊዮንም እጅ ቢሆን፣ በሞት አልጋዎም ላይ ቢሆን፣ ተጨንቄ ብለምንዎም እንኳ፣ እርስዎም አይንገሩኝ።

ልጅዎ ሆሬስ